ሪሞቱ አሁን በማን እጅ ነው?

«ያ የእሁዱ ፕሮግራም ምነው ቀረ?»

ጥያቄው የእናቴ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ሪሞቱን ይዛ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ትዘላለች። ለዓመታት በዚያ ሰዓት የምታየው አንድ የቤተሰብ ፕሮግራም ነበር። ባልና ሚስት ይቀርቡበታል፣ ምግብ ይሠራበታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የተቸገረ ሰው ይረዳበታል። ቶናውን የምትጠጣው ሁልጊዜ እሱን እያየች ነበር።

«እኔ እንጃ እማዬ» አልኳት።

ዋሸኋት። ለምን እንደቀረ በደንብ አውቃለሁ። የምሠራበት ድርጅት ብስኩት፣ ፓስታና ዱቄት ያመርታል፤ እኔ ደግሞ የማርኬቲንግ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የፕሮግራሙ ዋና ዋና ስፖንሰሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እኛ ነን። ውሉ ሲያልቅ «አይታደስ፤ በጀቱ ወደ ኦንላይን ይዙር» የሚለውን ማስታወሻ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሌላኛው ስፖንሰርም ልክ እንደኛ አሰበ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፕሮግራሙ ከአየር ላይ ወረደ።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ቤት ይህን የመሰለ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። የለመዱት ፕሮግራም ሳይታሰብ ይጠፋል፤ የሚወዱት አቅራቢ ከጣቢያው ወጥቶ በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ብቅ ይላል፤ ልጆችዎ ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ቅርብ ዘመድ ያወሩለታል። በዚህ ጽሑፍ ከማስታወቂያ በጀቱ በኩል ሆኜ ያየሁትን ላካፍልዎ እፈልጋለሁ። ሳሎንዎ ውስጥ የሚታየውን ነገር የሚወስነው ገንዘብ ከየት ተነስቶ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ካወቁ፣ ቤትዎ ምን ማየት እንዳለበት መወሰን ይቀልልዎታል።

ከአንድ ቻናል ወደ ብዙ

ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የነበረን አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። የኔ ትውልድ እንኳን አባባ ተስፋዬን ለማየት ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩሎ የተቀመጠ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ጣቢያ ለልጆች ተረት ነግረዋል። አያትም፣ አባትም፣ ልጅም የሚያውቋቸው አንድ ሰው እንዲኖር ያደረገው የሳቸው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ሌላ የሚታይ ነገር አለመኖሩም ነው።

ከዚያ የሳተላይት ዲሹ በየጣሪያው ተተከለ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ኢቢኤስ መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ገባ። ያኔ የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች «ገበያችንን ወሰደብን» ብለው አቤቱታ ማሰማታቸውን ያስታውሱ ይሆናል። ፋና፣ አርትስ፣ ናሁ፣ ባላገሩ፣ ዓባይ እያለ የቻናሉ ቁጥር ጨመረ። ጣቢያዎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩም የዲሽ ሠራተኛ ፍለጋ ያልሮጠ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ያኔ ሁላችንም ፉክክሩ በጣቢያና በጣቢያ መካከል መስሎን ነበር። ትልቁ ተፎካካሪ ግን በዲሹ አልመጣም። በዋይፋይና በሞባይል ዳታ ገባ።

ነፃው ነገር በምን ይከፈላል?

በነፃ የምናየው ቴሌቪዥን አሠራሩ ቀላል ነው። ተመልካቹ አይከፍልም፤ የሚሸጠው ተመልካቹ ቁጭ ብሎ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ገዢው ደግሞ እንደኔ ያለ የማስታወቂያ በጀት የያዘ ሰው ነው።

በኛ አገር ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በጣቢያው ሠራተኞች አይደለም። አንድ አዘጋጅ ሐሳቡን ይዞ ይመጣና ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ለመካፈል ይዋዋላል። ከዚያ ፕሮፖዛል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራል። ካሜራ ኪራይ፣ ኤዲተር፣ ትራንስፖርት፣ የአቅራቢው ክፍያ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። ስለዚህ አንድ ሁለት ስፖንሰር እጁን ሲያነሳ ፕሮግራሙ የሚቆምበት እግር የለውም። የእናቴ ፕሮግራም የሆነው ይኸው ነው።

ገንዘቡ መሳሳት የጀመረው ደግሞ ዩቲዩብ ከመግነኑ በፊት ነበር ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ከለከለ። እንደ ወላጅ ውሳኔው ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን ቢራ ፋብሪካዎች የመዝናኛ ፕሮግራሞች ትልልቅ ስፖንሰሮች ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ብዙ አዘጋጆች ያንን ክፍተት የሚሞላ አላገኙም።

በዚያ ላይ እኛ የማስታወቂያ ከፋዮች ሁልጊዜ የምንቸገርበት ነገር አለ። ገንዘቡን እንከፍላለን፤ ስንት ሰው እንዳየው ግን በትክክል አናውቅም። አለቃዬ «ይህን ያህል ከፍለን ምን አገኘን?» ሲለኝ የማቀርበው መልስ «ሰው ሁሉ ያየዋል» የሚል ነበር። እናቴ ስለምታየው እኔም አምን ነበር። በቢዝነስ ትምህርት ቤት ግን «እናቴ ታየዋለች» የሚባል መለኪያ አልተማርንም።

ዩቲዩብ ምን ይዞ መጣ?

ዩቲዩብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዓመቱ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎችን ከማስታወቂያው ገቢ ማካፈል ጀመረ። ዛሬ ረዘም ያለ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ቪዲዮው ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶውን ይወስዳል፤ 45ቱ የዩቲዩብ ነው። ወደዚህ ለመግባት ቻናሉ ቢያንስ 1,000 ሰብስክራይበር ሊኖረው፣ ቪዲዮዎቹም በ12 ወር ውስጥ በድምሩ 4,000 ሰዓት ሊታዩ ይገባል።

ይህን ከላይ ካልኩት የአየር ሰዓት ግዢ ጋር ያነጻጽሩት። አዘጋጁ ጣቢያ ደጅ አይጠናም፤ ሰዓት አይገዛም፤ ስልኩንና ትራይፖዱን ይዞ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይጀምራል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው በአራት ዓመት ውስጥ ለይዘት ፈጣሪዎች፣ ለአርቲስቶችና ለሚዲያ ድርጅቶች የከፈለው ገንዘብ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ለማስታወቂያ ከፋዩ ደግሞ ቁጥር ይሰጠዋል። ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከየትኛው አገር እንደሆነ፣ ዕድሜው በየትኛው ክልል እንደሚገኝ ሁሉ ይታያል። የአለቃዬን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በሠንጠረዥ መመለስ ቻልኩ። ያንን ማስታወሻ የጻፍኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የሁሉም ተመልካች ዋጋ እኩል አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለተቀመጠ ሰው ማስታወቂያ ለማሳየት ድርጅቶች የሚከፍሉት አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሚከፍሉት በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ያለች አክስትዎ አንድ የአማርኛ ቪዲዮ ስታይ፣ እርስዎ ከምታዩት ይልቅ ለቻናሉ ባለቤት የበለጠ ታስገባለች። ብዙ የአማርኛ ቻናሎች ናፍቆትን፣ የጠፋ ዘመድ ፍለጋን፣ የድሮ ዘፈንና የባህል ምግብን ለምን እንደሚያዘወትሩ አሁን ይገባዎታል። «ጉድ ተሰማ» ዓይነት ርዕሱ ከውስጡ ጋር የማይገናኝ ቪዲዮ የሚበዛውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ሰው ተጭኖ ካልገባ ገንዘብ የለም።

ጣቢያዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። «ሰይፉ በኢቢኤስ»ን የመሰሉ ፕሮግራሞች በቴሌቪዥን ከተላለፉ በኋላ በዩቲዩብ ሌላ ሕይወት አላቸው። በሌላ በኩል የኮሜዲያን እሸቱ መለሰ ዶንኪ ቲዩብ፣ ጣቢያ ሳይኖረው ከብዙ ጣቢያ በላይ የሚታወቅ ስም ሆኗል። ልጅዎን «የቱ ነው ቴሌቪዥን፣ የቱ ነው ዩቲዩብ?» ብለው ቢጠይቁት ልዩነቱ አይገባውም። እሱ የሚያየው ያው አንድ ስክሪን ነው።

የኛ ነገር ብቻ አይደለም

የቴሌቪዥን ንግድ በገነነበት በአሜሪካ የሆነውን እንይ። ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቁጥር አጥኚ ድርጅት ስለ እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ባወጣው መረጃ፣ አሜሪካውያን በቴሌቪዥን ስክሪን ካሳለፉት ጊዜ 44.8 ከመቶው በኢንተርኔት በሚመጡ አገልግሎቶች ላይ ነበር። መደበኛው የአየር ስርጭትና ኬብል አንድ ላይ ተደምረው 44.2 ከመቶ ሆኑ። የኢንተርኔቱ ድርሻ ከሁለቱ ድምር ሲበልጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ዩቲዩብ ብቻውን 12.5 ከመቶ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት የዩቲዩብ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኒል ሞሃን፣ አሜሪካ ውስጥ ዩቲዩብ ከስልክ ይልቅ በብዛት የሚታየው በቴሌቪዥን ስክሪን እንደሆነ ተናግረዋል። የስልክ ነው ያልነው ነገር ሳሎን ገብቶ ዋናውን ወንበር ያዘ ማለት ነው።

በሁለቱ ዓለማት መካከል የነበረው አጥርም ፈርሷል። ሚስተር ቢስት በሚል ስም የሚታወቀው ዩቲዩበር ጂሚ ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የኔትፍሊክስን «ስኩዊድ ጌም» አስመስሎ 456 ሰው ያወዳደረበትን ቪዲዮ ሠራ፤ ሽልማቱ 456,000 ዶላር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አማዞን 1,000 ሰው የተወዳደረበት «ቢስት ጌምስ» የተሰኘ ትልቅ ፕሮግራም አሠራው። 5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የተጀመረው ሽልማትም መጨረሻ ላይ 10 ሚሊዮን ደረሰ። በተቃራኒው ደግሞ የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ለአሥርት ዓመታት ከኖረበት መደበኛ ቴሌቪዥን ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2029 ጀምሮ በዩቲዩብ እንደሚተላለፍ ተነግሯል።

በየወሩ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶችም እየተጠቃለሉ ነው። የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ እ.ኤ.አ. በ2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ እጅ ገብቷል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ከኔትፍሊክስና ከዩቲዩብ ጋር ለመፎካከር ትልቅ መሆን ያስፈልጋል።

«ማስታወቂያ አይምሰል»

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ።

በጀቱን ወደ ኦንላይን ባዞርን በመጀመሪያው ወር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ካለው አንድ ሰው ጋር ተዋዋልን። ስለ ፓስታችን ሁለት ቪዲዮ ሠራልን። ቁጥሩ ያስደንቅ ነበር፤ አስተያየቶቹን ስከፍት ግን አብዛኞቹ በማላውቃቸው ቋንቋዎች የተጻፉ የልብና የጭብጨባ ምልክቶች ናቸው። የተከታዩ ጉልህ ክፍል የተገዛ ነበር። በዚያ ወር የፓስታ ሽያጫችን ንቅንቅ አላለም። ያቺ የምመካባት ሠንጠረዥም ልትዋሽ እንደምትችል በራሳችን ገንዘብ ተማርኩ።

ከዚያ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሆና የምትቀርጽ አንዲት እናት አገኘን። ተከታዮቿ ከዚያኛው አንድ አሥረኛ አይሞሉም። ዱቄታችንን ተጠቅማ ዳቦ ስትደፋ አሳየች፤ «ውሃው ስንት ነው?»፣ «እርሾ ስንት ሰዓት ይቆይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ጎረፉ። በዚያው ሳምንት ከሱፐርማርኬቶች ተጨማሪ ትዕዛዝ መጣ። እዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለብስኩታችን ከልጆች ጋር አጫጭር ጨዋታ የምትሠራ ወጣት ፈለግን። ለሥራው በጻፍኩት መመሪያ ላይ «በተቻለ መጠን ማስታወቂያ አይምሰል» የሚል መስመር አስገባሁ። ጎበዝ ናት፤ አላስመሰለችም። ከልጆቹ ጋር እየተጫወተች በመሃል ብስኩቱን ከቦርሳዋ አወጣች፣ «የኔ ምርጥ!» ብላ በላች፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ከሳምንት በኋላ ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ሱፐርማርኬት ገባሁ። ቀጥ ብላ ሄዳ የኛን ብስኩት አነሳች። እቤት ካርቶን ሙሉ አለ፤ ነክታው አታውቅም።

«ይሄን እኮ አትወጂውም» አልኳት።

«እሷ ትወደዋለች» አለችኝ የወጣቷን ስም ጠርታ።

«ማስታወቂያ ስለሆነ ነው እንጂ…» ብዬ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «አይ ማሚ! ማስታወቂያ አይደለም። ማስታወቂያ ሲሆን ዘፈን አለው። እሷ ከልቧ ነው የምትወደው።»

ምን ልበላት? ማስታወቂያ እንዳይመስል ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን በደንብ ሠርቼ የራሴን ልጅ አታልያለሁ።

በቴሌቪዥን ጊዜ ማስታወቂያው ከፕሮግራሙ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር ልጆች እንኳን ያውቁታል፤ እኛም ውሃ ልንጠጣ እንነሳለን። ጣቢያው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚጠይቀው አካል አለበት። ኦንላይን ላይ ግን መስመሩ ደብዝዟል። ዩቲዩብ «የተከፈለበት ማስታወቂያ አለበት» የሚል ምልክት ማሳያ መንገድ አዘጋጅቷል፤ የሚጠቀምበት ግን ሁሉም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ የሕፃናትን መረጃ ወላጅ ሳይፈቅድ በመሰብሰብ ተከሰው በአሜሪካ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከዚያ በኋላ ለልጆች በተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ የተመልካቹን ባሕርይ ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያ ቀርቷል። ያ ሕግ ግን ቪዲዮው ውስጥ ከቦርሳ የሚወጣውን ብስኩት አይነካውም።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ለልጆች የሚሠራ ማንኛውም ነገር ላይ «ይህ ማስታወቂያ ነው» ተብሎ በግልጽ እንዲነገር ሐሳብ አቀረብኩ። «ሌሎቹ ሳይሉ እኛ ብቻ ለምን?» አለ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ተስማማ፤ ግን ደስ ብሎት አይደለም። ወጣቷም መጀመሪያ «ተመልካች ይሸሸኛል» ብላ ፈርታ ነበር፤ አሁን ጨዋታዋን ከመጀመሯ በፊት ትናገረዋለች። ልጄ ስትሰማው «ውይ፣ ለካ ማስታወቂያ ነው» አለችና ማየቷን ቀጠለች። ብስኩቱን ግን ዳግመኛ አልጠየቀችም። እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ሽንፈት ነው፤ እንደ እናት ግን አይደለም።

መልካሙም ብዙ ነው

ይህን ስጽፍ ዩቲዩብን ጭራቅ ለማስመሰል አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በቴሌቪዥን የጀመረ የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ የሚከብደው የወንድምዎ ልጅ ሰዓት ሳይጠብቅ በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ መምህር ሚስ ሬቸል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራዋን የጀመረችው የገዛ ልጇ አፍ ለመፍታት ስለዘገየ ነበር፤ ዛሬ ፕሮግራሟ ኔትፍሊክስ ላይ አለ። የትኛውም ጣቢያ የአየር ሰዓት የማይሰጣቸው የጓሮ አትክልት አብቃዮች፣ የሒሳብ አስተማሪዎች፣ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምሩ ሰዎች ተመልካቻቸውን አግኝተዋል።

በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማስጨረሻ ገንዘብ ሲሰበሰብም አይተናል። በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ሌሊቱን ሙሉ ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው እየገባ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተዋጣ። እቤታችን እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ አንድ ሶፋ ላይ ሆነን እስከ እኩለ ሌሊት አየን። እናቴ ተነስታ «እኔንም አስገቡልኝ» ብላ ከመቀነቷ ብር ፈታች፤ በቴሌብር ላክንላት። ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተሰብስበን ካየንበት ዘመን ወዲህ ቤተሰቡ እንደዚያ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ሲያሳርፍ አላስታውስም።

ቴሌቪዥን ይሞታል ወይ ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ ይኸው ነው። ኳስ፣ ዜና፣ የበዓል ፕሮግራም፣ አገር ሙሉ በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልገው ነገር ይቀጥላል፤ በዲሽም ይምጣ በዋይፋይ። የሚከብደው በመሃል ላለው ነው። የእሁድ ከሰዓት፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ፣ ጩኸት የሌለው፣ ግን ሰው ከቶናው ጋር የሚወደው ፕሮግራም። ለእሱ የሚከፍል ሰው እየጠፋ ነው።

ቤትዎ ውስጥ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የጣቢያ ዳይሬክተር ድሮ የሚሠራውን ሥራ አሁን እርስዎ ነዎት የሚሠሩት። ከሥራዬም ከቤቴም የተማርኳቸው ጥቂት ነገሮች እነሆ፦

• ልጆች የሚያዩትን ከስልክ ወደ ሳሎኑ ስክሪን ያምጡት። ስልክ ላይ የሚታየውን ማንም አያውቅም፤ ሳሎን ውስጥ ግን ወጥ እያማሰሉም ይሰሙታል።

• ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውን አማራጭ ያጥፉት። አንዱ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ያለችው ዝምታ «በቃ» ለማለት ትጠቅማለች።

• ለልጆች የራሳቸው አካውንት ይክፈቱላቸው። በእርስዎ አካውንት ሲያዩ የእርስዎ ዜናና የነሱ ካርቱን ይደባለቃል፤ የሚቀርብላቸው ቪዲዮም እንዲሁ።

• «ይሄ ሰውዬ ማን ከፍሎት ይመስልሃል?» የሚል ጨዋታ ይጀምሩ። የኔ ልጅ አሁን ከኔ ቀድማ ታገኘዋለች። የተደበቀ ማስታወቂያ ማወቅ እንደ ማንበብ የሚለመድ ነገር ነው።

• የወር ወጪዎን ይደምሩ። የዲሽ ክፍያ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ በውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎት ኔትፍሊክስ ካለ እሱም፣ በቲክቶክ ላይቭ ላይ ቤተሰቡ የሚልከው «አንበሳ»ም ጭምር። ብዙ ቤተሰብ «ነፃ ነው» የሚለውን ነገር ሲደምረው ይደነግጣል።

• የሚወዱትን ፕሮግራም በሥራ ይደግፉ። ሰብስክራይብ ማድረግ፣ እስከ መጨረሻው ማየት፣ ለዘመድ መላክ ከንቱ ነገር አይደለም። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማየው ቁጥር እሱ ነው። ስፖንሰር የሚያደርገው ድርጅት ገጽ ላይም «ይህን ፕሮግራም እንወደዋለን» ብለው ይጻፉ። እናነበዋለን።

የእናቴ መልስ

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ፕሮግራሙ የቀረው እኛ ስፖንሰርነቱን ስላቆምን እንደሆነ፣ ማስታወሻውንም የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ስንት ሰው እንደሚያየው የሚያሳይ ቁጥር እንዳልነበረን።

ስኒውን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ማንም አልጠየቃትም። አሥር ዓመት በየእሁዱ ስታየው አንድም ቀን የተቆጠረች ሰው አልነበረችም። አሁን ብትቆጠር ደግሞ የምትቆጠረው ሪሞቱን ይዛ በስሟ የሚፈልግላት ሰው ካለ ነው።

ባለፈው እሁድ የዚያን ፕሮግራም አቅራቢ ስም ዩቲዩብ ላይ ፈለግኩት። አገኘሁት። ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ካሜራ፣ ያለ ታዳሚ ይሠራል፤ ተከታዮቹ ገና ጥቂት ሺህ ናቸው። በትልቁ ስክሪን ከፈትኩላት። «ከሳ እንዴ?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ ሪሞቱን ተቀበለችኝና የቱ ጋ እንደሚጫን አሳዪኝ አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ አዲስ ማስታወሻ ጻፍኩ። አጭር ናት፤ ስለዚያ ሰውዬ ነው። መልሱን ገና እየጠበቅኩ ነው።